ስለ ጌታ ትንሣኤ ስናስብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፋሲካን ችላ ብሎ የሚያልፍ ክርስቲያን ጎንደር ውስጥ አታገኙም። ሃምሳ አምስቱን ቀን የጾመውም ያልጾመውም፣ ሌሊቱን ቆሞ ያስቀደሰውም በሕመም ከቤት የዋለውም፣ እሑድ ማለዳ «እንኳን አደረሰህ»፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ይባባላል። «የጌታ መነሣት ለአንተ ምንህ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ብዙው ሰው መልስ ያጥረዋል። በሰንበት ትምህርት ቤት ከወጣቶች ጋር ስንማማር፣ ለቅሶ ቤትም ከጎረቤት ጋር ስቀመጥ ደጋግሜ የምሰማቸው የተሳሳቱ አሳቦች አሉ፤ እነሱን አንድ በአንድ ላንሣቸው። ሁሉም እኩል አይከብዱም። አንዳንዱ ባጭሩ ይታረማል፤ ሐዘን የገባበትን ቤት የሚነካው ግን ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል።

ፋሲካን በማዕድ መለካት

በሰሙነ ሕማማት ገበያ ወጥታችሁ ከሆነ ወሬው ሁሉ የዶሮና የበግ ዋጋ፣ የቅቤና የእንቁላል ነገር ነው። መብላት መጠጣቱ ነውር የለበትም፤ ጾሙን የምታስፈታን ራሷ ቤተ ክርስቲያን ናት። ስህተቱ በዓሉ በማዕዱ ልክ ሲታይ ነው። ኑሮ ከብዶት ዶሮ መግዛት ያልቻለ አባወራ «ዘንድሮስ ፋሲካም የለን» ሲል ብትሰሙ ዝም አትበሉት። ጌታ ለእሱም ተነሥቷል፤ በሽሮ የሚፈስክ ሰው ትንሣኤው አይጎድልበትም። ቅርጫ የገባችሁ ደግሞ መደቡ ሲከፋፈል የዚያን ቤት ድርሻ አስቀድማችሁ አስቡ፤ ልጆቹ ከጎረቤት ልጆች እኩል እንዲውሉ።

የጌታን መነሣት እንደ አልዓዛር መነሣት መቁጠር

«ሙት ማስነሣትማ ኤልያስም ኤልሳዕም አስነሥተዋል» የሚሉ ወጣቶች አሉ። እውነት ነው። ጌታም ራሱ የኢያኢሮስን ልጅ፣ የናይንን መበለት ልጅ፣ አልዓዛርንም አስነሥቷል። እነዚህን ሁሉ ግን ያስነሣቸው ሌላ ነው፤ ተነሥተውም ቀናቸው ሲደርስ ዳግመኛ ሞተዋል። ዮሐንስ ወንጌላዊ ሁለቱን መቃብሮች እንዴት እንደ ጻፋቸው አስተያይታችሁ አንብቡ። በምዕራፍ 11 አልዓዛር የወጣው ድንጋዩን ሰዎች አንሥተውለት ነው፤ እጁና እግሩ በመግነዝ እንደ ታሰረ፣ ፊቱም በጨርቅ እንደ ተጠመጠመ ስለ ነበር «ፍቱት» ተባለለት። በምዕራፍ 20 ጴጥሮስ ወደ ጌታ መቃብር ሲገባ ያገኘው የከፈኑን ልብስ በቦታው ተቀምጦ፣ በራሱ የነበረውንም ጨርቅ ለብቻው ተጠምጥሞ ነው። ጌታን ማንም አልፈታውም። ሞት ሁለተኛ አያገኘውምና መግነዙን እዚያው ትቶት ወጣ።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ አለ። መልአኩ ድንጋዩን ያንከባለለው ለጌታ መውጫ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አባቶቻችን የሚያስተምሩን በኅቱም ድንግልና እንደ ተወለደ ሁሉ በታተመ መቃብር መነሣቱን ነው። ድንጋዩ የተነሣው ሴቶቹ ገብተው ባዶውን መቃብር እንዲያዩ ነው። ጌታ የተነሣውም በገዛ ሥልጣኑ ነው፤ ነፍሱ ከሥጋው ብትለይም መለኮቱ ከነፍሱም ከሥጋውም ለቅጽበት አልተለየም።

ሦስቱን ቀን በሰዓት መቁጠር

ዓርብ ሞቶ እሑድ ሌሊት ከተነሣ 72 ሰዓት አይሞላም ብለው የሚጨነቁ አሉ። በአይሁድ አቆጣጠር ቀን የሚጀምረው ከዋዜማው ማታ ነው፤ የቀን ከፊሉም እንደ ቀን ይቆጠራል። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቀበረ፤ አንድ። ቅዳሜ ዋለ፤ ሁለት። ከቅዳሜ ማታ ወዲህ ያለው እሑድ ነው፤ ሦስት። ሐዋርያትም የመሰከሩት «በሦስተኛው ቀን» ብለው ነው።

ዓርብ ላይ መቅረት

የጎንደር ሰው ሕማማቱን በሙሉ ልቡ ይይዘዋል። የስቅለት ዕለት የአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጽር በሰጋጅ ይሞላል፤ ግብረ ሕማማቱ ሲነበብ፣ «ኪርያላይሶን» ሲባል፣ ሽማግሌው ከልጅ ልጁ ጎን ሲወድቅ ሲነሣ ይውላል፤ ማታም በወይራ ቅጠል እየተጠበጠበ ስግደቱን ተቀብሎ ይሄዳል። ይህ ፍቅር ከሩቅ የመጣ ነው። የጎንደር ነገሥታት ከሁሉ አብልጠው የሚያከብሩት፣ ወደ ጦርነትም ይዘውት ይወጡ የነበረው ሥዕል ኵርዓተ ርእሱ ነበር፤ የእሾህ አክሊል የደፋው ጌታ የተሳለበት። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ከተዘረፉት ቅርሶች አንዱ እሱ ነው፤ ዛሬም ስናነሣው ያንገበግበናል።

ይሁን እንጂ ከመስቀሉ ሥር አልቅሶ የተመለሰ ሰው እዚያው ቢቀር እምነቱ ግማሽ ይሆናል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ቃሉ ብርቱ ነው፤ ክርስቶስ ካልተነሣ ስብከታችን ከንቱ ነው፣ እምነታችሁም ከንቱ ናት፣ እስከ አሁንም በኃጢአታችሁ ውስጥ ናችሁ ይላቸዋል። እንግዲህ ዓርብ ዕዳችን ተከፈለ ብለን የምናምነው እሑድ ስላለ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትገቡ ከመቅደሱ በላይ ያለውን ሥዕል ቀና ብላችሁ ተመልከቱ፤ ስቅለቱ አለ፣ ከስቅለቱም በላይ ሥላሴ በክብር ተሥለዋል። ሠዓሊው ሐዘንተኛውን ከመስቀሉ ሥር አልተወውም፤ ዓይኑን ወደ ላይ ወሰደለት።

የዚህ ተቃራኒ የሆነውም ስህተት ነው፤ ትንሣኤውን ይዞ መስቀሉን መርሳት። የተነሣው ጌታ የችንካሩን ምልክት ይዞ ነው ለደቀ መዛሙርቱ የታየው።

«የተነሣው መንፈሱ ነው» ማለት

ይህ ከዚህም ከዚያም የሚሰማ ነው፤ «በልባቸው ሕያው ሆነላቸው ማለት ነው» የሚሉም አልጠፉም። ሉቃስ በምዕራፍ 24 ደቀ መዛሙርቱ ራሳቸው መንፈስ ያዩ መስሏቸው እንደ ደነገጡ ጽፏል። ጌታ ያን ጊዜ እጁንና እግሩን አሳያቸው፤ መንፈስ ሥጋና አጥንት የለውም ብሎ ዳስሱኝ አላቸው፤ የተጠበሰ ዓሣና የማር ወለላም ተቀብሎ በፊታቸው በላ። ቶማስም እጁን ወደ ጎኑ እንዲያገባ ተጠራ። ቶማስን ተጠራጣሪ እያሉ ብቻ ማንሣት ደግሞ አይገባም፤ ከሐዋርያት መካከል «ጌታዬ አምላኬም» ብሎ የመሰከረ እሱ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ከፋሲካ በኋላ ያለውን ማክሰኞ በስሙ ሰይማለታለች።

ትንሣኤው የእሱ እንጂ የእኛ አይደለም ብሎ ማሰብ

ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ የሚገለጠውም ለቅሶ ቤት ነው። እሑድ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ስንባባል የዋልን ሰዎች ማክሰኞ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን «ምን ይደረግ፣ ለሞት መድኃኒት የለው» እንላለን። ክርስቲያን ይህን ሊል አይገባም። ካህኑ ሰላምታውን ሲያቀርብ ሰይጣን መታሰሩን፣ አዳም ነፃ መውጣቱን፣ ከእንግዲህም ደስታና ሰላም መሆኑን ነው የሚያውጀው፤ የአዳም ነፃ መውጣት ደግሞ የእኔና የእናንተ ነገር ነው። በጎንደር ዘመን ሠዓልያን እጅ የወጡትን የትንሣኤ ሥዕሎች ያየ ሰው ያስታውሳል፤ ጌታ አዳምንና ሔዋንን እጃቸውን ይዞ ከሲኦል ሲያወጣ እንጂ ብቻውን አይሣልም።

ጳውሎስ ክርስቶስን ላንቀላፉት በኵራት፣ ማለትም የመጀመሪያ ፍሬ፣ ይለዋል። በኵራት ካለ ተከታይ አለ። የሚከተሉትም ነፍሶች ብቻ አይደሉም። «ሥጋማ አፈር ነው፣ በስብሶ ይቀራል» የሚለው አነጋገር ጸሎተ ሃይማኖት ላይ «የሙታንንም መነሣት ተስፋ እናደርጋለን» ብለን በየቀኑ ከምንመሰክረው ጋር አይሄድም። ሐዋርያው የሰጠን ምሳሌ ዘሩ ነው፤ የደምቢያ ገበሬ ስንዴውን አፈር ሲያለብሰው ጠፋ ብሎ አያዝንም፤ የበሰበሰችው ቅንጣት ናት ቡቃያ የምትሆነው፣ ቡቃያውም ከተዘራችው ቅንጣት ይልቅ ያማረ ነው። የእኛም ሥጋ በመበስበስ ይዘራል፣ ባለመበስበስ ይነሣል።

በእነዚህ ዓመታት በአካባቢያችን ብዙ ቤት ሐዘን ገብቷል። ልጁን በእጁ ያልቀበረ አባት፣ የወንድሟ አፅም የት እንደ ወደቀ የማታውቅ እህት ከመካከላችን አሉ። ለእነዚህ ሰዎች የሥጋ ትንሣኤ ትምህርት ለነገ የሚቆይ አይደለም። መቃብሩን እኛ ባናውቀው ፈጣሪው ያውቀዋል፤ በመጨረሻው ቀን የሚጠራውም በስሙ ነው። ይህን በለሰለሰ አንደበት ንገሯቸው።

ስትነግሯቸው ግን አታልቅሱ አትበሏቸው። እምነት ያለው ሰው አያለቅስም የሚለው አሳብ ራሱ ስህተት ነው፤ ብዙ እናቶችንም አፍኖ በሽተኛ አድርጓል። ጌታ አልዓዛርን ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ እንባውን አፍስሷል። ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አትዘኑ ብሎ ነው። ፊት መንጨቱ፣ ደረት እስኪቆስል መድቃቱ፣ «ከእንግዲህ አላይህም» ማለቱ ይቅር። እንባው ይውረድ፤ ሙሾውም የሟቹን ደግነት ያንሣ። ሐዘንተኛዋን አቅፎ ከጎኗ መቀመጥ ብዙ ጊዜ ከረጅም ስብከት ይበልጣል። ከተናገራችሁም «ታገኚዋለሽ» በሏት፤ ይህ ማባበያ አይደለም፣ የምናምነው ነው።

በሰሙነ ሕማማት ዘመድ የሞተባቸው ሰዎችም «ያለ ፍትሐት ተቀበረ» ብለው ዕድሜ ልካቸውን ሲጸጸቱ አይቻለሁ። በዚያ ሳምንት ጸሎተ ፍትሐት አይደረግም፤ ስለዚህም ነው በሆሳዕና ዕለት በሳምንቱ ውስጥ ለሚሞቱት ሁሉ አስቀድሞ ፍትሐት የሚደረገው። ዘመዳችሁ ያለ ጸሎት አልሄደም። ይህን የማያውቅ ቤት ካለ ዛሬ ሄዳችሁ ንገሩ።

እሑድ ዋለ ብሎ መርሳት

ማሰናከያው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሰኞ ነው። ሁለት ወር ገደማ በየዕለቱ ቤተ ክርስቲያን ይሳለም የነበረ ሰው ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ይጠፋል፤ ጾሙ ሲያልቅ ጸሎቱም አብሮ ያለቀ ይመስለዋል። ቤተ ክርስቲያን ግን ሳምንቱን ሁሉ የትንሣኤ አድርጋዋለች። ሰኞ ማዕዶት፣ ማለትም መሻገር፣ ነው፤ ማክሰኞ የቶማስ፣ ረቡዕ የአልዓዛር፣ ሐሙስ የአዳም፣ ዓርብ የቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ የቅዱሳት አንስት ነው። ቅዳሜውን ሴቶች እኅቶቻችን በተለይ ቢያስቡት ደስ ይለኛል፤ ሽቱ ይዘው ወደ መቃብሩ የገሠገሡት፣ የምሥራቹንም ለሐዋርያት ያደረሱት እነሱ ናቸው። እሑዱ ዳግማ ትንሣኤ ነው። በ40ኛው ቀን ዕርገት፣ በ50ኛው ጰራቅሊጦስ ይመጣል፤ በማግስቱም የሐዋርያት ጾም ይገባል።

በእነዚህ ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፣ አይሰገድም። «እኔ ግን ካልሰገድኩ ጸሎቴ የደረሰ አይመስለኝም» እያሉ በሃምሳው የሚሰግዱ ትጉሃን አሉ። ትጋታቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ቀኖናው ቀጥ ብላችሁ ቁሙ የሚለው ከጌታ ጋር መነሣታችንን በሰውነታችን እንድንመሰክር ነውና መታዘዝ ይበልጣል። ስግደቱ ለጊዜው ቢቀርም የዘወትር ጸሎቱ፣ ዳዊቱ፣ ምጽዋቱ አይቀሩም።

ቅዳሴውም እንደዚያው ነው። በጾም ወራት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚገባ ሥራ ያላቸው ሰዎች ለመድረስ ይቸገሩ ነበር። በሃምሳው ግን ረቡዕም ዓርብም በጠዋት ይቀደሳልና ከሥራ በፊት ማስቀደስ ይቻላል። ወደሚቀርባችሁ ደብር ሂዱና መግቢያ ሰዓቱን ጠይቁ፤ ከጎረቤትም ሐዘን ላይ ያለ ሰው ካለ ብቻውን እንዳይሄድ አብራችሁት ሂዱ።