ከጎንደር ላሊበላ በአውሮፕላን፦ ርቀትና ሰዓት ስታሰሉ ልትጠነቀቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለጥምቀት ጎንደር የመጣ እንግዳ ላሊበላን ሳያይ መመለስ አይፈልግም። ካርታውን ከፍቶ «ቅርብ ናት፣ ደርሼ እመጣለሁ» ይላል። እቅዱ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

የአየሩን ርቀት ከመንገዱ ጋር ማምታታት። ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ መስመር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪና ግን በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በጋሸና ዞሮ ነው የሚደርሰው። ርቀቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። «በረራ ካጣሁ በመኪና እሄዳለሁ» የምትሉ ሙሉ ቀን ያዙለት። የመንገዱንም ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት ከሾፌሮች ጠይቁ። ደግሞ ለአየሩ ርቀት 111 የሚል ቁጥር ካያችሁ ያው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ በማይል ተጽፎ ነው።

ርቀቱን ለፍጥነት አካፍሎ መጨረስ። 180ን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ብታካፍሉ 13 ደቂቃ ተኩል ይመጣል። እንዲህ የሚበር የለም። በአጭር በረራ አውሮፕላኑ ሽቅብ ወጥቶ ሳይደላደል መውረድ ይጀምራል። በዚያ ላይ በአገር ውስጥ መስመር ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ከጄት ይዘገያል። መንደርደሪያ ላይ የሚያልፈውም ጊዜ አለ። ግማሽ ሰዓት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ብላችሁ አስቡ።

ቀጥታ በረራ ሁሌም አለ ብሎ መገመት። ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። ርቀት የሚያሰሉ ድረ ገጾች በሁለት ነጥብ መካከል መስመር ያሰምራሉ እንጂ በዚያ ቀን አውሮፕላን ይኑር አይኑር አያውቁም። ቀጥታ ከሌለ መሄጃው በአዲስ አበባ ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ 420፣ ከዚያ ላሊበላ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ። የ180ው ጉዞ 750 ሆነ ማለት ነው። ቦሌ የምትጠብቁበት ጊዜ ሲጨመር ግማሽ ቀን ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ትኬቱ ላይ የመድረሻ ሰዓቱንና ትራንዚቱን እዩ።

ሰዓቱንና ቀኑን መሳሳት። ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 07:10 ማለት ከጠዋቱ 1:10፣ 13:10 ደግሞ ከቀኑ 7:10 ነው። በተለይ ትኬቱን ውጭ አገር ያለ ዘመድ ቆርጦ «ሰባት ሰዓት ነው» ብሎ ከደወለ፣ የትኛው ሰባት እንደሆነ ጠይቁት። ቀኑም እንደዚያው። ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ነው፤ ጳጉሜ 6 በሆነች ማግስት በሚመጣው ዓመት ግን 20 ይሆናል።

ከተማውንና ማረፊያውን አንድ ማድረግ። የጎንደሩ ማረፊያ አዘዞ በኩል ነው፤ ከከተማው 18 ኪሎ ሜትር ገደማ። በከተራና በጥምቀት ታቦታቱ ሲያልፉ መንገድ ይዘጋል፣ ባጃጅም ታክሲም አይንቀሳቀስም። የዚያን ቀን የምትበሩ ከሆነ የሆቴል ሰዎችን ሰልፉ በየት እንደሚያልፍ ጠይቁና በጊዜ ውጡ። ላሊበላም ስትደርሱ ወደ ከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ዳገት ይቀራችኋል።

በረራዎችን አጣብቆ መያዝ። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው በረራ ሊያዘገይ ይችላል። ወደ ውጭ አገር የምትሄዱ ከሆነ ከላሊበላ በመጨረሻው በረራ አትመለሱ፤ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት እደሩ።