የጣልያንኛ ግስ ጆሮ ላይ ሲጎረብጥ፦ ችግሩና መፍትሄው

ጣልያንኛ እንደተጻፈ ይነበባል ይባላል። ልክ ነው። ግን ድምፁ የቱ ክፍለ ቃል ላይ እንደሚጠነክር (ጫናው የት እንደሆነ) ጽሑፉ ብዙ ጊዜ አያሳይም፣ ግስ ስናረባ የምንሰናከለውም እዚህ ጋ ነው።

ችግር፦ «ይናገራሉ» ልትሉ «ፓርላኖ» ስትሉ ሰሚው «ኮሜ?» ብሎ ያስደግማችኋል።
ምክንያት፦ «ላ» ላይ ጫናችሁ። አብዛኛው የጣልያንኛ ቃል ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍለ ቃል ላይ ስለሚጫን አፍ በዚያው ይለምዳል፤ የአሁን ጊዜ «እነሱ» ግን የሚከተለው «እኔ»ን ነው።
መፍትሄ፦ መጀመሪያ በ«እኔ» በሉት፣ ከዚያ ጫናውን ከቦታው ሳታነሱ መጨረሻውን ብቻ ቀይሩ። ፓርሎ «ፓር» ላይ ነው፣ ፓር-ላ-ኖም እንደዚያው። አቢቶ (እኖራለሁ) «አ» ላይ፣ አ-ቢ-ታ-ኖም «አ» ላይ። ቴሌፎኖ (እደውላለሁ) «ሌ» ላይ ስለሆነ ቴ-ሌ-ፎ-ና-ኖ ስትሉ ከጫናው በኋላ ሦስት ክፍለ ቃል ሳትቆሙ ታወርዳላችሁ፤ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ ቀስ ብላችሁ ጀምሩት። ቄስ ትምህርት ቤት ተነሽና ወዳቂ (የግዕዝ ንባብ ስልቶች) የተማረ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። «እኛ» ሲሆን ግን ጫናው ሁልጊዜ «ያ» ላይ ነው፦ ፓርሊያሞ፣ አቢቲያሞ።

ቬዴሬ (ማየት) «ዴ» ላይ ሆኖ ሌጄሬ (ማንበብ) መጀመሪያው ላይ የሚሆነው ለምንድነው ብላችሁ አትድከሙ። መጨረሻቸው አንድ ስለሆነ ከጽሑፉ አይለይም። መዝገበ ቃላት ጫናውን ምልክት ያደርግበታል፤ ግሱን ስትይዙ ከነጫናው ያዙት።

ችግር፦ «እንናገራለን» ስትሉ «እንናገር ነበር» ተብሎ ይሰማል።
ምክንያት፦ መላላትና መጥበቅ። ፓር-ሌ-ሬ-ሞ የወደፊት ነው፣ ፓር-ሌ-ሬም-ሞ ደግሞ «ቢሆን ኖሮ» ነው።
መፍትሄ፦ ይሄ ለእኛ ብርቅ አይደለም። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ መኖር ነው። እነሱ እንዲያውም ፊደሉን ደግመው ስለሚጽፉ አያሳስትም፤ አንዱን ፊደል ከፊተኛው ክፍለ ቃል፣ ሌላውን ከኋለኛው ጋር አድርጋችሁ አጥብቁት።

ችግር፦ «ገባህ?» ለማለት «ካፒስቺ?» ማለት።
መፍትሄ፦ ከ«sc» ቀጥሎ ያለውን አናባቢ እዩ። «ኦ» ከሆነ ካፒስኮ፣ ካፒስኮኖ፤ «ኢ» ወይም «ኤ» ከሆነ ካፒሺ፣ ካፒሼ። «እበላለሁ» ማለትም ማን-ጆ ነው፣ «ማንጂዮ» አይደለም፤ መሐል ያለችው «ኢ» «ግ»ን ወደ «ጅ» ለማለስለስ ብቻ የገባች ናት፣ አትነበብም።

ፓርሎ መጨረሻው «ኦ» ላይ ጭረት ካለበት ግን ጫናውን እዚያው ጭረቱ ላይ አድርጉ፤ ያኔ «እናገራለሁ» መሆኑ ቀርቶ «ተናገረ» ይሆናል።