የሽርሽር መኪና ሳውንድ ሲስተም፦ ገንዘብ የሚያስበሉ ስህተቶች

አልጋና ምድጃ የተገጠመለት የሽርሽር መኪና እኛ ጋ ብርቅ ነው። የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ለሽርሽር የሚወጣው በሃይሩፍ ወይም በዶልፊን ነው፤ ሰው ሲበዛ ደግሞ ኮስተር ይመጣል። ከኋላ ድስቱ፣ ጀበናው፣ ምንጣፉ ይጫንና ወደ ሐይቅ ይኬዳል። ያለ ሙዚቃ የሚሄድ ደግሞ የለም። ስለዚህ ቴፕ ይቀየራል፣ ስፒከር ይጨመራል፣ ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር) ይገባል።

ችግሩ ብሩ የሚወጣው ለሚታየው ነገር መሆኑ ነው፤ ለሰፊው ስክሪን፣ ለሚያበራው መብራት፣ ለትልቁ ሳጥን። ድምፁን የሚያሳምረው ግን በአብዛኛው ዓይን የማያየው ነው።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ዋት ማመን

ካርቶኑ ላይ በትልቁ «1200 ዋት» ተብሎ ይጻፋል። ያ ለቅጽበት ብቻ ይወጣል የሚባለው ጣሪያ ነው። እናንተ የምትፈልጉት አርኤምኤስ የሚባለውን ነው፤ ሳይቋረጥ የሚሰጠውን ኃይል። ብዙ ጊዜ በደቃቅ ፊደል ጥግ ላይ ይገኛል። ጭራሽ ካልተጻፈ ዕቃውን እዚያው ተዉት።

ቴፑም እንደዚያው ነው። «50 በ4» የሚል ተራ ቴፕ በ12 ቮልት ባትሪ ለአንድ ስፒከር ሳያቋርጥ የሚሰጠው ወደ 20 ዋት ገደማ ነው። ለቤት መኪና ይበቃል። ሰው ለሞላው ሃይሩፍ ግን አምፕሊፋየር፣ ማለትም የቴፑን ድምፅ የሚያጎላ ዕቃ፣ ያስፈልጋል።

ሌላም አለ። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም። ከ50 ወደ 100 ዋት ብትሄዱ የምታገኙት 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ነው፤ ጆሮ «ትንሽ ጨመረ እንዴ?» የሚለው ያህል። ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል ኃይሉ 10 እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት። ስለዚህ ስፒከር ስትመርጡ ሴንሲቲቪቲ የሚለውን ቁጥር ጠይቁ፤ ስፒከሩ በተመሳሳይ ኃይል ምን ያህል እንደሚጮህ የሚናገረው ነው። 90 ዴሲቤል የሚለው ስፒከር፣ 87 ከሚለው እኩል ለመጮህ ግማሹ ኃይል ይበቃዋል። ይህን ቁጥር የሚጠይቅ ገዢ እምብዛም አላየሁም፤ ዋቱን ግን ሁሉም ይጠይቃል።

ከዉፈር መጀመር

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የምንሰማው ሙዚቃ ራሱ መልሱን ይነግረናል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ ነው። የእነዚህ ዜማዎች ነፍስ የዘፋኙ ድምፅ፣ ማሲንቆው፣ ክራሩና ዋሽንቱ ነው። ይህ ሁሉ በብዛት ያለው ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ሄርዝ ባለው መሃለኛ ክልል ነው። ዉፈር የሚሠራው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ80 ወይም ከ100 ሄርዝ በታች ነው። ማሲንቆው ሲያለቅስ የምትሰሙት ከፊት በር ስፒከር ነው እንጂ ከኋላ ሳጥኑ አይደለም። መንዙማም ቢሆን መጀመሪያ የሚፈልገው የሰው ድምፅ ጥርት ብሎ እንዲወጣ ነው፤ ድቤው ከዚያ ይከተላል።

ስለዚህ ብሩ ውስን ከሆነ መጀመሪያ የፊት ስፒከሮችን ቀይሩ። ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ለብቻው የሆነውን ብትወስዱ ይሻላል፤ ትዊተሩ ወደ ጆሮ ከፍታ ሲጠጋ የዘፋኙ ድምፅ ከእግር ሥር መምጣቱ ይቀራል። ቀጥሎ አምፕሊፋየር። ዉፈር በመጨረሻ። አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ የጎማና የሞተር ጉርምርምታ ወፍራሙን ድምፅ ስለሚውጠው አንድ ባለ 10 ኢንች ዉፈር በልኩ ሲገባ ጥሩ ነው። ባለ 15 ኢንች ሁለት ደርድሮ የአያትን መቀመጫ መውሰድ ግን ሌላ ነገር ነው።

ፊት ብቻ ማስጮህ

ሃይሩፍ ረጅም ነው። ከፊት ሁለት ስፒከር ብቻ ካለ፣ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት እንዲሰሙ ሾፌሩ ጆሮው እስኪደነቁር መክፈት አለበት። መፍትሔው ኃይል መጨመር አይደለም። በሁለቱም ጎን፣ እስከ ኋላ ድረስ፣ ትንንሽ ስፒከሮችን በትኖ ሁሉንም ዝቅ አድርጎ ማጫወት ነው። ሕፃን ሲተኛ የኋላውን ብቻ መቀነስም ይቻላል።

በተጨማሪም በሮቹን አትርሱ። የበሩ ቆርቆሮ ባዶ ከሆነ ስፒከሩ ሲመታ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ቡታይል የሚባለውን ድምፅ አፋኝ ምንጣፍ ከውስጥ ማስለጠፍ አዲስ ስፒከር የገዛችሁ ያህል ለውጥ ያመጣል። ለቤት ጣሪያ የሚሆን ሬንጅ የሚለጥፉ አሉ፤ የኮምቦልቻ ፀሐይ ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ ይሸታል።

ሽቦ ላይ መቆጠብ

ይሄኛው ከገንዘብም ያልፋል፤ መኪና ያቃጥላል።

ቤት ውስጥ በ220 ቮልት 600 ዋት የሚበላ ዕቃ የሚስበው 3 አምፒር አይሞላም። መኪና ውስጥ በ12 ቮልት ያው 600 ዋት 50 አምፒር ይስባል። ለቤት አምፖል የሚሆን ሽቦ ይህን ሲሸከም ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከዚያ ምንጣፉ ይያያዛል። በዚህ ልክ ለሚስብ አምፕሊፋየር ባለ 4 ጌጅ የመዳብ ሽቦ ጠይቁ፤ ጌጅ የውፍረት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። ገበያ ላይ ላዩ መዳብ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ ሞልቷል፤ ዋጋው ርካሽ ነው፣ የሚያስተላልፈው ግን ያንሳል። በቢላ ፋቅ ስታደርጉት ውስጡ ነጭ ከሆነ እሱ ነው። እሱን የምትወስዱ ከሆነ አንድ ደረጃ ወፈር ያለውን ውሰዱ።

ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ45 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ ይግባ። አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ፊውዝ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ነው፤ ከኮፈኖ እስከ ኋላ የተዘረጋውን ሽቦ አይጠብቅም። ሽቦው በብረት ቀዳዳ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ላስቲክ ይግባበት፤ ኮረኮንች መንገድ ቀስ በቀስ ይልጠዋልና። ኔጌቲቩ ደግሞ አጭር ይሁን፣ ቀለሙ ተፍቆ በባዶ ብረት ላይ ይታሰር።

ከ24 ቮልት መኪና 12 መስረቅ

ብዙ ኮስተርና አይሱዙ ሁለት ባትሪ አላቸው፣ 24 ቮልት ነው። ቴፑ ግን 12 ነው። አንዳንድ ኤሌትሪሺያን ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ሽቦ ይስብና «በቃ፣ ሠራ» ይላል። ይሠራል። ግን አንዱ ባትሪ ሁልጊዜ ይጎድላል፣ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል፤ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር ግዙ። የሁለት ባትሪ ዋጋ ስታስቡት አያስቆጭም።

ሞተር አጥፍቶ መጨፈር

ሐይቅ ዳር መኪናው ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፣ እስክስታው ይጀመራል። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት እንጂ ለሰዓታት ለመጫወት አይደለም። ሲስተሙ በአማካይ 10 አምፒር ቢስብ በ3 ሰዓት 30 አምፒር ሰዓት ይሄዳል፤ የባለ 60ውን ባትሪ ግማሽ ማለት ነው። ማታ ሲበርድ ደግሞ የቀረው ኃይልም ይደክማል። ከዚያ የሚሆነውን ታውቃላችሁ፤ የአዲስ ልብስ ለባሾች ግፊያ። መኪናው አውቶማቲክ ከሆነ ግፊያውም አያስነሳውም።

ደጋግማችሁ የምትወጡ ከሆነ ለሙዚቃው ብቻ ሁለተኛ ባትሪ፣ ዲፕ ሳይክል የሚባለውን፣ ለረጅም ሰዓት ኃይል ለመስጠት የተሠራውን፣ አስገቡ፤ ሞተር ሲጠፋ ከዋናው ባትሪ የሚለየው ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ይኑረው። ይህ ከበዛ ትንሽ የቮልት መለኪያ ዳሽቦርድ ላይ ይሰካ። የተሞላ ባትሪ አርፎ ሲቆም 12.6 አካባቢ ያሳያል። ሙዚቃውን ለአፍታ አቁማችሁ ስታዩት 12.2 ከሆነ ግማሹ ሄዷል፤ ሞተሩን አስነሱ።

እግረ መንገዴን፦ ድምፅ በውኃ ላይ ሩቅ ይሄዳል። ማዶ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ዉፈሩን ወደ ሐይቁ አታዙሩት።

ጌይንን እንደ ድምፅ መጨመሪያ ማየት

አምፕሊፋየሩ ላይ ያለችው ጌይን የምትባል ማስተካከያ የቴፑንና የአምፕሊፋየሩን ልክ ለማስማማት ናት። እስከ መጨረሻ ሲያዞሯት ድምፁ ጫፉ እየተቆረጠ ይወጣል፣ ይሻክራል፣ መጀመሪያ ትዊተሩ ይቃጠላል። ቴፑን ሦስት አራተኛ ክፈቱ፣ ከዚያ ጌይኗን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ መሻከር ሲጀምር ትንሽ መልሱ። እዚያው ትቆይ።

ፍላሽ ላይ ያለውን ዘፈን መርሳት

ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የከረመ፣ ተጨምቆ ተጨምቆ ያለቀ ዘፈን የትኛውም ስፒከር አያድነውም። 320 ኪሎቢት ያለውን ፈልጉ።

ሳይፈትሹ መክፈል

ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት የምታውቁትን አንድ ዘፈን አስከፍቱ። ዉፈሩን አስጠፍታችሁ በፊት ስፒከሮች ብቻ ስሙ። ወፍራሙ ድምፅ ጭራሽ ከጠፋና የዘፋኙ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ፣ የአንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተገልብጦ ይሆናል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ስፒከሩን ከቴፑ አስነቅላችሁ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ሽቦው ላይ ለአፍታ ንኩ። የድንጋዩ ፖዘቲቭ የስፒከሩን ፖዘቲቭ ሲነካ ወረቀቱ ወደ ውጭ መግፋት አለበት።

ከዚያ ሞተሩ ይነሳ፣ መብራቱ ይብራ፣ ሙዚቃው ዝቅ ይበል፣ ነዳጅ ይሰጠው። ከነዳጁ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ሲሲታ ከሰማችሁ ከዲናሞው የመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ኔጌቲቩ በደንብ አልታሰረም፣ አለዚያም ከቴፑ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው አርሲኤ ገመድ ከባትሪው ሽቦ ጋር አንድ ላይ ተጠቅልሏል። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ በኩል አሳልፎ እንዲዘረጋላችሁ ንገሩት፤ ወንበር መልሶ መንቀል ስለማይወድ ያጉረመርም ይሆናል።