ልጁ በስልኩ የሚሰማው ኡስታዝ ማን ነው? ለወላጆችና ለታላላቆች

ጢም ማሳደግ፣ ኒቃብ መልበስ፣ ሙዚቃ መተው፣ ሱብሒን በጀመዓ መስገድ የአደጋ ምልክት አይደለም። ዲኑን ጠበቅ አድርጎ የያዘን ልጅ «አክራሪ ሆንክ» የሚል ቤተሰብ፣ ልጁን በገዛ እጁ ወደ ስልኩ ይገፋዋል። የሚያሳስበው ከሰው መቆረጥ ነው። የሰፈሩን ኢማም «ሙናፊቅ» (አስመሳይ) ማለት ሲጀምር፣ አብሮት ላደገው ክርስቲያን ጎረቤት ሰላምታ ሲነፍግ፣ ሙስሊሙን ከእስልምና ማስወጣት፣ ማለትም ተክፊር፣ አንደበቱ ላይ ሲለመድ፣ ያኔ ማን እያስተማረው እንደሆነ ማወቅ ግድ ይላል።

የሚሰማውን አንድ ቪዲዮ ከፍታችሁ «ምንም ክፉ ነገር የለበትም» ብላችሁ እንዳትተዉት። ኋላ የአልቃይዳ ሰባኪ የሆነው የመን-አሜሪካዊው አንዋር አል-አውለቂ ስሙ የገነነው በነቢያትና በሶሐቦች ታሪክ ሙሐደራዎቹ (ንግግሮቹ) ነበር፤ ብዙ ሙስሊም ቤት ውስጥ በሲዲ ይደመጡ ነበር። ለግድያ የሚቀሰቅሰው ንግግሩ ኋላ የመጣ ነው፤ ያኔ አድማጩ ድምፁን አምኖት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ለንደን ውስጥ የፓርላማ አባሉን ስቴፈን ቲምስን በቢላ የወጋችው የ21 ዓመት ወጣት፣ ከ100 ሰዓት በላይ የእሱን ንግግር እንደሰማች ለፖሊስ ተናግራለች። ሰውየው በ2011 የመን ውስጥ ተገደለ፤ ዩቲዩብ ቪዲዮዎቹን በብዛት ያነሳው ግን በ2017 ነው። ስለዚህ የተናጋሪውን ስም ይዛችሁ የመጨረሻ ዓመታት ንግግሮቹን ፈልጉ። ከማን እንደተማረ፣ በየትኛው መስጊድ ወይም መርከዝ በአካል እንደሚያስተምር፣ ተማሪ ተነስቶ ሊጠይቀው ይችል እንደሆነ አጣሩ። መምህሩ የማይታወቅ፣ ደርስ (ቋሚ ትምህርት) የሌለው፣ ስለ ውዱእና ስለ ዘካ ሳይሆን ስለ ጠላት ብቻ የሚያወራ ከሆነ ተጠንቀቁ።

የአንድ ደቂቃ ቁራጭ ስታገኙ ሙሉውን ሳትሰሙ አትፍረዱ፤ ልጁም እንዲሁ እንዲያደርግ አስለምዱት። የአክራሪ ሰባኪዎች ዋናው መሣሪያ ንግግርን ቆርጦ ማሳየት ነውና። ለምሳሌ ከሱረቱ ተውባ 5ኛውን አንቀጽ፣ «አጋሪዎቹን ባገኛችሁበት ግደሉ» የሚለውን፣ ለብቻው ያሳያሉ። ቁርኣኑን ግለጡና አብራችሁ አንብቡ፦ 4ኛው ቃል ኪዳናቸውን ያላፈረሱትን ይለያል፤ 6ኛው ደግሞ ከአጋሪዎቹ አንዱ ጥበቃ ቢጠይቅ አስጠግተህ፣ የአላህን ቃል አሰምተህ፣ ደህና ወደሚሆንበት ቦታ አድርሰው ይላል። ከላይና ከታች ያለውን ማንበብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ የአንድ ሰዓት ክርክርን ግን ያስቀራል።

ስልኩን አትቀሙ። ከተቀማ በሌላ ስልክና በሌላ አካውንት ይቀጥላል፣ እናንተ ግን ማየት ታቆማላችሁ። ይልቅ አብራችሁ ተቀምጣችሁ መስመሩን ቀይሩ። ዩቲዩብ ላይ ከቪዲዮው ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ ያንን ቻናል እንዳይጠቁም እዘዙት፤ ከእይታ ታሪኩ የዚያን ሰው ቪዲዮዎች አጥፉ፤ ቪዲዮ በራሱ ተከታትሎ እንዳይከፈት ዝጉት። ቲክቶክ ላይ ከቅንብሩ ውስጥ የሚመጣለትን ቪዲዮ እንደ አዲስ ማስጀመር ይቻላል። ቴሌግራም ላይ ወደ ግላዊነት ቅንብር ግቡና ወደ ግሩፕ ሊያስገቡት የሚችሉት ስልካቸውን የመዘገባቸው ሰዎች ብቻ እንዲሆኑ አድርጉ። ከሁሉም በላይ የሚያሰጋው ግሩፑ ነው፤ ቪዲዮው መግቢያ በር ነው፣ ልብ የሚያዘው ከኮሜንት ሥር በተቀመጠ ሊንክ ወደ ዝግ ግሩፕ፣ ከዚያም «ወንድሜ» ከሚል ሰው ጋር ለብቻ ወደሚደረግ ወሬ ሲገባ ነው።

ስታወሩት ከመልስ በፊት ጥያቄ ይቅደም። «ምን ወደድክለት?» በሉት። ብዙውን ጊዜ መልሱ ስለ ጋዛ፣ ስለ ደረሰበት ስድብ ወይም ስለ ብቸኝነቱ ነው፤ በደሉ እውነት ከሆነ እውነት ነው በሉት። ከዚያ በራሱ ሚዛን ሂዱ። ወንድሙን «ካፊር» ያለ ሰው ቃሉ ከሁለቱ በአንዱ ላይ እንደሚያርፍ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ወደ ጂሃድ ልሂድ ብሎ የመጣውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ የጠየቁት ወላጆቹ በሕይወት መኖራቸውን ነበር፤ አሉ ሲል እነሱን በማገልገል እንዲታገል መለሱት። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ከ50 አገሮች የመጡ 200 ያህል ዑለማ ከዮርዳኖስ በወጣው የአማን መልእክት ዙሪያ ተስማምተው፣ የእስልምናን መሠረቶች የተቀበለን ሰው «ካፊር» ማለትን ከልክለዋል። እናንተ ዕውቀቱ ከሌላችሁ አትከራከሩ፤ ስትሳሳቱ የሰባኪው ቃል እውነት ይመስለዋል። ልጁ የሚያከብረው፣ ዐረብኛውን የሚያውቅ፣ የማይቆጣ ሼህ ፈልጉ፣ አስቀድማችሁ ለብቻችሁ አነጋግሩት፣ ከዚያ በተደጋጋሚ እንዲገናኙ አድርጉ። አንድ ቀን ብቻ ተጠርቶ የሚሰጥ ምክር አይሠራም።

ምልክቱን በሌላ ሰው ልጅ ላይ ካያችሁ ለወላጁ ፊት ለፊት ንገሩ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 አይኤስ የተባለውን ታጣቂ ቡድን ለመቀላቀል ከምሥራቅ ለንደን ወደ ሶሪያ ሦስት ሴት ተማሪዎች ሄዱ፤ የ15 እና የ16 ዓመት ልጆች ነበሩ፣ የአንዷ ቤተሰብ ከኢትዮጵያ የሄደ ነው። የትምህርት ቤት ጓደኛቸው ከሁለት ወር ገደማ በፊት ቀድማቸው ሄዳ ነበር። ፖሊስ ለወላጆቻቸው የጻፈውን ደብዳቤ ግን ለልጆቹ ሰጣቸው፤ ልጆቹ ደበቁት፣ ወላጆች ያገኙት ከሄዱ በኋላ ነው።

ፓስፖርት ሲጠፋ፣ ዕቃውን ሲሸጥ ወይም ሲያድል፣ ዕዳውን ድንገት ሲከፍል፣ የስንብት የሚመስል ነገር ሲጽፍ ወይም ሰው ስለመግደል ሲያወራ የምክር ጊዜ አልፏል። ፓስፖርቱን አንሱ፣ ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ቀን ለፖሊስ አሳውቁ። የመልእክቱን ስክሪንሾት ከሊንኩ፣ ከአካውንቱ ስምና ከቀኑ ጋር አስቀምጡ፤ ቻናሉን ሪፖርት የምታደርጉት ይህን ከያዛችሁ በኋላ ይሁን፣ ከተነሳ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ቪዲዮውን «ተጠንቀቁ» ብላችሁም ቢሆን በቤተሰብ ግሩፕ አታስተላልፉት።