መጽሔት አይታችሁ ቮልሷን አታበላሿት

ደብረ ብርሃን ላይ አሮጌ መኪና የምትሠሩ ካላችሁ ይሄን ደንበኛ ታውቁታላችሁ። ቮልሱን ደጅ ያቆማል፣ ስልኩን ያወጣል፣ «ጋሼ፣ ልክ እንደዚህች አርግልኝ» ይላል። ስልኩ ላይ ያለችው ከውጭ መጽሔት የተገኘች ቮልስ ናት። ሆዷ አስፋልት ሊነካ ምንም አልቀረው፣ ቸርኬዋ ያበራል፣ የሞተሯ ክዳን ተነቅሏል። ከፋብሪካ እንደወጣች ያለች መኪና ፎቶ ይዞ የመጣ ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ፣ መኪና ወዳድ ናቸው። አንዳንዱን ጥፋት ደጋግሞ ማየት ግን ሰልችቶኛል።

መጽሔት ላይ የወጣ ሁሉ ይሻላል ማለት

መጽሔቶቹ የተቀየረ መኪና የሚያወጡት ለራሳቸው ብለው ነው። ቮልስን እንይ። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች፣ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ እስክትወጣ ድረስም መልኳ ብዙ አልተለወጠም። ታዲያ አንድ ጸሐፊ ዘንድሮ ስለ አንዲት ያልተነካች ቮልስ ከጻፈ፣ በሚቀጥለው ወር ስለ ሌላዋ ምን ይበል? ቀለሟን ቀይሮ ያንኑ ሊደግም ነው። የተቀየረች መኪና ግን እያንዳንዷ የራሷ ወሬ አላት፤ ማን ሠራት፣ ሞተሩን ከየት አመጣ፣ ስንት ጊዜ አቃጠለው፣ ሚስቱ ምን አለችው። ደግሞ ማስታወቂያ አለ። አሜሪካ ውስጥ ሆት ሮድ የሚባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1948 ነው የጀመረው፣ የሱ ዓይነት መጽሔቶች ገጽ በቸርኬ፣ በካርቡሬተር፣ በማርሚታ ሻጮች ማስታወቂያ የተሞላ ነው። ምንም ያልተነካች መኪና ለነዚህ ሰዎች ምን ታሸጥላቸዋለች? ኦሪጅናሉን የሚያከብሩ መጽሔቶችም አሉ፣ ፎቷቸው ግን እናንተ ስልክ ላይ አይደርስም።

ሞላ ማስቆረጥ

ደሜን የሚያፈላው ይሄኛው ነው።

ፎቶው ላይ መሬት የነካችው መኪና ብዙ ጊዜ የቆመችው በአየር ነው። በሞላ ፋንታ የአየር ከረጢት ተገጥሞላታል። ባለቤቷ ለፎቶ ሲያቆማት አየሩን ያስተነፍሳል፣ ሊነዳት ሲል መልሶ ይነፋዋል። ይሄ ፎቶው ላይ አይታይም። የኛ ልጅ ታዲያ ላዳውን ይዞ ይሄድና አራቱንም ሞላ በግራይንደር ያስቆርጣል።

እንደዚህ የተሠራች አንዲት ላዳ «ትንጫጫለች» ተብላ መጣችልኝ። ሞላውን ሳወጣው የተቆረጠው ጫፍ ሰማያዊ ሆኗል፤ ሞቆ ብረቱ ጠባዩን ቀይሯል ማለት ነው። ጫፉ መቀመጫው ላይ በትክክል አያርፍም፣ ጉድጓድ ላይ መኪናዋ ስትዘል ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ላስቲክ ማቆሚያዎቹ ተጨፍልቀዋል። የፊት ጎማዎቹ በውስጥ በኩል ተበልተው ሽቦው ይታያል። በዚህች መኪና ነው እንግዲህ ባለቤቷ አጃቢ ጭኖ ጣርማበርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሠርግ የሄደው! ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስቶ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ! ከዋሻው ወጥታችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ጭጋጉን ታውቁታላችሁ፣ ጠመዝማዛውን ታውቁታላችሁ፣ ከፊት ያለውን የጭነት መኪናም ታውቁታላችሁ። እኔ ብሆን ያንን ቁልቁለት በእግሬ እወርደዋለሁ።

ቮልስን በተመለከተ ደግሞ፣ 1302 ወይም 1303 የሚባለው ሞዴል ካልሆነች በቀር ጥቅል ሞላ የሚባል ነገር የላትም፣ የምትቆመው በሚጠማዘዝ ብረት ነው። «ሞላዋን ቆርጬ አወርዳታለሁ» የሚላችሁ ሰው ካለ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

የሞተሩን ላሜራ አውልቆ መጣል

ቮልስ ውኃ የላትም፣ የምትበርደው በአየር ነው። ሞተሩን የከበበው ላሜራና ዙሪያውን የሚዘጋው ላስቲክ ከታች ያለው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው እንዳይገባ የሚከላከሉ ናቸው። ሞተሩ እንዲታይ ብላችሁ ስታወልቁት፣ ማራገቢያው የራሱን ሙቀት መልሶ ይስባል። ከዚያ «ቮልስ ትሞቃለች» እያላችሁ ስሟን ታጠፋላችሁ። «አገሩ ብርድ ነው፣ ምን ይሆናል» የሚለኝም አለ። የደብረ ብርሃን ብርድ ሸዋ ሮቢት ድረስ አይከተላችሁም።

ለባሕር ዳርቻ የተሠራ ካርቡሬተር እዚህ መግጠም

ካሊፎርኒያ የተነሳ ፎቶ ላይ ሁለት ትልልቅ ካርቡሬተር፣ ማለትም ነዳጅና አየር የሚያቀላቅለውን ዕቃ፣ ታያላችሁ። እነሱ ያሉት ባሕር ጠለል ላይ ነው፣ እኛ ያለነው 2,800 ሜትር አካባቢ። አየሩ ሳሳ ማለት ነው። ማንኛውም አየር በራሱ የሚስብ ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል፣ ምንም ብትገጥሙለት። ነዳጁ ካልተቀነሰ ደግሞ ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላና ባዶ የነዳጅ ሳልባታዮ ነው ትርፉ። ያለችውን ካርቡሬተር አጽዱ፣ የነዳጅ ቀዳዳዋን ለከፍታው አስተካክሉ፣ ቫልቩን አስለኩ። ልዩነቱን ጫጫ ሳትደርሱ ታዩታላችሁ።

ትልቅ ቸርኬ በአሮጌ ፍሬን

የጎማው ቁመት በጨመረ ቁጥር ያው ፍሬን መኪናዋን ለማቆም የበለጠ ይቸገራል። መጀመሪያ ፍሬን፣ ከዚያ ቸርኬ።

በ6 ቮልት መኪና ላይ ትልቅ ቴፕ

ኧረ ተዉ።

መቀየር ራሱ ነውር ነው አላልኩም። 6 ቮልቱን ወደ 12 ማድረግ፣ የፊት ፍሬኑን ዲስክ ማድረግ፣ ቀበቶ መግጠም፣ እነዚህን እኔም በደስታ ነው የምሠራው። ለመጽሔት ፎቶ የሚሆን ነገር የላቸውም እንጂ መኪናዋን ያሻሽሏታል። ደግሞ ሁሉም ወደ ነበሩበት ሊመለሱ ይችላሉ።

የወጣውን ዕቃ ለቆራሌ መስጠት

ፓራውልቱን፣ የድሮውን መሪ፣ የፋብሪካውን ቸርኬ በኪሎ ትሸጡታላችሁ። ከዓመት በኋላ መኪናዋን ልትሸጡ ስትሉ ገዢው የሚጠይቃችሁ ያንኑ ነው፣ እናንተም መርካቶ ወርዳችሁ በብዙ እጥፍ ስትፈልጉት ትከርማላችሁ። በማዳበሪያ ጠቅልላችሁ አልጋ ሥር አስቀምጡት።

ሊብሬውን መርሳት

ቀለሙም፣ የሞተር ቁጥሩም ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ሞተር ቀይራችሁ፣ ብርቱካናማ ቀብታችሁ ቦሎ ልታወጡ ስትሄዱ ወረቀቱ ሰማያዊ ይላል። ቀለም ቀቢው ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጎራ ብላችሁ ጠይቁ፣ የገጠማችሁትን ሞተር የገዛችሁበትን ወረቀትም ይዛችሁ ሂዱ።