ፋንኮኒ ያለበት ልጅ ሲያተኩሰው ምን ታደርጋላችሁ

ድሬ ውስጥ ልጅ ሲያተኩሰው መጀመሪያ የሚባለው ያው ወባ ነው ወይ ደንጊ ነው፣ በተለይ በ2006 ደንጊ ከተማውን ካመሰው ወዲህ። የእህቴ ልጅ ግን ፋንኮኒ አኒሚያ አለበት (በዘር የሚመጣ ነው፣ መቅኔው ደም ማምረት እያቃተው ይሄዳል) እና ለሱ ትኩሳት ሌላ ነገር ነው።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ እሱ ካልገባችሁ ቀሪውን ትዘነጉታላችሁ። ኢንፌክሽን ሲገባ የሰውነት ሴሎች በሳይቶካይን (መልእክት የሚያደርሱ ፕሮቲኖች ናቸው) ነው የሚጠራሩት፣ ቲኤንኤፍ አልፋ እና ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባሉት አሉ። እኛ ጋ ስራቸውን ሰርተው ይረግባሉ። ፋንኮኒ ላይ ግን ደም የሚወልዱት እናት ሴሎች የተበላሸ ዲኤንኤያቸውን በደንብ መጠገን ስለማይችሉ ይሄን ጥሪ አይቋቋሙትም፣ ቶሎ ይሞታሉ፣ ተኝተው የነበሩትም ተነሱ አምርቱ ሲባሉ ይጎዳሉ፣ አይጦች ላይ ታይቷል። ኢንፌክሽኑ መቅኔውን ራሱን ይበላዋል ማለት ነው።

እሺ፣ ቴርሞሜትር ግዙ። ግንባር ነክቶ መገመት በድሬ ሙቀት አይሰራም አቦ፣ ሰኔ ላይ ጤነኛውም ይፋጃል። በብብት ለኩ፣ በመቀመጫ በጭራሽ። 38 ከደረሰ በዛው ሰዓት ሆስፒታል፣ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርታችሁ፣ ፓራሲታሞል ሰጥተን እንየው አይባልም ትኩሳቱን ይደብቀዋል። የወባውም ምርመራ ይሰራ ግን ውጤቱን እየጠበቃችሁ ሌላው አይዘግይ። አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክ መርፌ እምቢ በሉ፣ ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) አነስተኛ ስለሆነ ሊደማ ይችላል። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ባለሙያው ዳይክሎፌናኩን በመርፌ ስቦ ሊወጋው ሲል እህቴ ናት እጁን የያዘችው።

ሲቢሲው (የደም ሴል ቆጠራው) ሲመጣ ሁሉም ሄሞግሎቢን ነው የሚያየው፣ እናንተ ኒውትሮፊሉን (ኢንፌክሽን የሚዋጋውን ነጭ የደም ሴል) እዩ፣ ፐርሰንቱን ሳይሆን ቁጥሩን። ወረቀቱ ላይ 0.4 ካለ 400 ማለት ነው፣ ከ500 በታች ሆኖ ካተኮሰው አንቲባዮቲክ በደም ስር ወዲያው ነው፣ ጣታችሁን ቁጥሩ ላይ አድርጋችሁ ለሀኪሙ አሳዩ። የድሮ ሲቢሲዎቹንም በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

ደም ያስፈልገዋል ከተባለ ዘመዱ ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ ይመጣል፣ ደስ ይላል ግን ወደፊት የመቅኔ ንቅለ ተከላ ካሰባችሁ የወላጅ ወይ የወንድም የእህት ደም ባይሰጠው ነው የሚሻለው፣ ሰውነቱ በኋላ የነሱን መቅኔ እንዳይቀበል ሊያደርገው ይችላል። ለደም ባንክ ይስጡና ለሱ የሌላ ሰው ይምጣለት።

ሳይቶካይኑን ላብራቶሪ እናስለካ ብላችሁ ደግሞ ብር አታጥፉ፣ ሀኪሙ የሚወስነው በሲቢሲና በመቅኔ ምርመራ ነው።