በእንግሊዝ ልጅዎ በሕፃናት ጥበቃ ዕቅድ ሥር ሲሆን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በእንግሊዝ የሚኖሩ ብዙ ወላጆች ልጃቸው በሕፃናት ጥበቃ ዕቅድ ሥር እንዲሆን መወሰኑን ሲሰሙ ልጁ የተወሰደባቸው ያህል ይደነግጣሉ። የመጀመሪያው ስህተት ከዚሁ ድንጋጤ የሚመነጭ ሲሆን፣ እሱም ዕቅዱን እንደ ፍርድ መቁጠር ነው። ዕቅዱ ልጁን ከጉዳት ለመጠበቅ ማን ምን እንደሚያደርግ የሚዘረዝር ሰነድ እንጂ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አይደለም፤ ልጁ በአብዛኛው እዚያው ቤቱ ይኖራል፣ የወላጅነት ሥልጣንም (ስለ ልጁ የመወሰን ሕጋዊ መብትና ኃላፊነት) ከወላጆቹ እጅ አይወጣም። ውሳኔውን የሚሰጡት ሶሻል ወርከሩ (የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው)፣ ትምህርት ቤቱ፣ የጤና ባለሙያዎችና ፖሊስ በሚገኙበት ስብሰባ ላይ ሲሆን፣ የሚመዝኑትም ልጁ በአካላዊ፣ በስሜታዊ ወይም በጾታዊ ጥቃት ወይም በቸልተኝነት ምክንያት ለከባድ ጉዳት ይጋለጣል ወይ የሚለውን ነው። ፖሊስ የሚያካሂደው የወንጀል ምርመራ ካለ የራሱን መንገድ ይዞ ይሄዳል።

ከስብሰባው መቅረት ሌላው ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የሕፃናት ሕግ አንቀጽ 47 መሠረት ምርመራ እንዲካሄድ ከተወሰነበት ምክክር ጀምሮ፣ የመጀመሪያው ስብሰባ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ መጠራት አለበት። ወላጆች በውሳኔው ላይ ድምፅ ባይኖራቸውም ሐሳባቸውን የመግለጽ ዕድል ይሰጣቸዋል፤ የሶሻል ወርከሩም ሪፖርት አስቀድሞ ሊደርሳቸው ይገባል። ሪፖርቱ ላይ የልጁ ዕድሜ፣ የመኖሪያ አድራሻ ወይም አንድ ክስተት የተፈጸመበት ቀን ተሳስቶ ከተገኘ ከስብሰባው በፊት በጽሑፍ ማሳረም ይሻላል፤ ያልታረመ ስህተት ከአንዱ ሪፖርት ወደ ሌላው እየተገለበጠ ይቀጥላልና። አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ወላጅ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) እንዲያቀርብለት ቀደም ብሎ ይጠይቅ። ልጅን ማስተርጎም ፈጽሞ አይገባም። ማኅበረሰባችን ጠባብ በመሆኑ፣ የቀረበው አስተርጓሚ የሚያውቁት ሰው ከሆነ ሌላ እንዲቀየርልዎት መጠየቅ ነውር የለውም።

በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ ወላጆችን የሚጎዳው ግን ሁሉንም ነገር «እሺ» ብሎ መውጣት ነው። በይሉኝታ ተኮትኩቶ ያደገ ሰው በባለሥልጣን ፊት «ይህ አልገባኝም» ወይም «በዚህ አልስማማም» ማለት ይከብደዋል። ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ ያመሰግናል፣ ቤቱ ገብቶ ይበሳጫል። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን «ወላጆች ተስማምተዋል» ተብሎ ይሰፍራል፤ ከወራት በኋላ የተባለው ሳይፈጸም ሲቀር ደግሞ ነገሩ አለመተባበር ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ በማይስማሙበት ነጥብ ላይ በጨዋ ቃል አለመስማማትን አስመዝግቦ፣ በሚስማሙበት ላይ መሥራት እጅግ የተሻለ ነው። ለዚህ አመቺው ቦታ ከስብሰባው በኋላ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ የሚገናኘው፣ ወላጆችም አባል የሚሆኑበት «ኮር ግሩፕ» (ዕቅዱን በተግባር የሚያውለው ቡድን) ነው። ዕቅዱ ላይ «ወላጆች የልጁን ፍላጎት ያስቀድሙ» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢገኝ፣ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚያደርግ ይጠየቅ። «ልጁ በትምህርት ቀናት በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 8፡45 በፊት ትምህርት ቤት ይድረስ» የሚለው መፈጸሙ ሊለካ ይችላል፤ የፊተኛው ግን ማንም ሰው እንደ ስሜቱ ሊተረጉመው ይችላል።

«እኛም ተገርፈን ነው ያደግነው» የሚለው መከላከያም የትም አያደርስም። ማንኛውም አካላዊ ቅጣት በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. ከ2020፣ በዌልስ ከ2022 ጀምሮ ተከልክሏል። በእንግሊዝ «ምክንያታዊ ቅጣት» የሚባለው መከላከያ እስካሁን ከሕጉ ባይወጣም፣ ገላ ላይ ምልክት የተወ የቀበቶ ምት በዚያ ሊሸፈን አይችልም። በስብሰባው ላይ ሚዛን የሚደፋው ከእንግዲህ በቤቱ ውስጥ ምን እንደሚለወጥ በግልጽ መናገር ነው። ሶሻል ወርከሩ ልጁን ለብቻው ስለሚያነጋግረው «እንዲህ በል፣ ይህን እንዳትናገር» ብሎ ማስጠናት ቶሎ ይታወቃል፤ ጥርጣሬንም ያባብሳል። ልጁን «ትንሽ ነገሩ እስኪበርድ» ብሎ ወደ አገር ቤት መላክ ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው፤ ካውንስሉ ይህን ልጁን ከጥበቃ ማሸሽ አድርጎ ሊወስደውና አስቸኳይ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊጠይቅበት ይችላል።

ጊዜ ሲያልፍ ዕቅዱ በራሱ ይቀራል ብሎ መጠበቅም አያዋጣም። የመጀመሪያው የግምገማ ስብሰባ በ3 ወር ውስጥ፣ ቀጣዮቹ ቢበዛ በየ6 ወሩ ይደረጋሉ። ወደ ሌላ ካውንስል ቤት መቀየርም አያስቀረውም፤ ፋይሉ ይከተላል።

መሻሻል ካልታየ፣ ካውንስሉ ጉዳዩን ወደ ቤተሰብ ፍርድ ቤት ለመውሰድ እያሰበ መሆኑን የሚገልጽ፣ ወላጆችንም ለስብሰባ የሚጠራ ደብዳቤ ሊልክ ይችላል። ይህን ደብዳቤ ከሌሎቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ መክተት ትልቅ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም የወላጅነት ሥልጣን ያለው ወላጅ ደብዳቤውን ይዞ ቢሄድ፣ ገቢው ምንም ያህል ቢሆን፣ ነፃ የሕግ ጠበቃ ያገኛል። ልጁ ለጊዜው በካውንስሉ እንክብካቤ ሥር እንዲቆይ በዚያው የ1989 የሕፃናት ሕግ አንቀጽ 20 መሠረት ፈርሙ ሲባልም ይህ በፈቃደኝነት የሚደረግ ስምምነት መሆኑን ማወቅ ይገባል። የወላጅነት ሥልጣን ያለው ወላጅ ፈቃዱን በማንኛውም ጊዜ ማንሳት ቢችልም፣ ካውንስሉ በዚያን ጊዜ ወደ ፍርድ ቤት ሊሮጥ ስለሚችል፣ ከጠበቃ ጋር ሳይነጋገሩ መፈረምም ሆነ ፈቃድን ማንሳት አይገባም።